አንድ ቃል ከነዘመዶቹ ወደ ሞጣ

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተሸክሜ ከቢቸና ሞጣ ድረስ ሄጃለሁ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሌላው ሰው በዚያ መንገድ ሲሄድ ማር ይዞ ይሄዳል፣ ቅቤ ይዞ ይሄዳል፣ ቢያጣ ቢያጣ የዘመድ ሰላምታ ይዞ ይሄዳል። እኔ የያዝኩት ቃል ነበር። ቃል ደግሞ ክብደት የለው፣ ጫኝ አይፈልግ፣ ኬላ ላይ አያስቆም፣ ቀላል ዕቃ ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኳችሁ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ የተቃረበበት ነው፤ መቃረቡን ግን ያኔ ማናችንም አናውቅም። እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። የመምህራን ማሠልጠኛ ስጨርስ ቢቸና ተመደብኩና እንግሊዝኛ አስተምር ጀመር። አንዲት ከረባት ነበረችኝ። በዚያን ጊዜ ቢቸና ውስጥ ከረባት ያሰረ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይገመት ስለነበር፣ እኔም ግምቱን ላለማበላሸት ብዙ ደክሜያለሁ። ያስቸገሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። እኩሌቶቹ ቅኔ ቤት ከርመው የመጡ፣ ከእኔ የተሻለ ጢም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ አንድ ቃል ከነትርጉሙ መስጠት ማለት ሙሽራን ያለ ሚዜ እንደመላክ ነው። "ዘመዶቹስ?" ይሉኛል። አባቱ ማን ነው፣ ወንድሙ ማን ነው፣ በጋብቻ የሚዛመደውስ? ስለዚህ በእኛ ክፍል ተመሳሳይ ቃል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዘመድ ነበር የሚባለው።

ይህን አነጋገር ሞጣ ላይ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ አስካለ።

አስካለ የሞጣ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበረች፣ የደሴ ልጅ። የተዋወቅነው የፈንጣጣ ክትባት ይዛ የእኛን ትምህርት ቤት ልትከትብ በመጣች ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ መርፌውን አይተው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ማለት ሲጀምሩ፣ አርአያ ልሁን ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ቀደምኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣራውን ነው። በጀርባዬ ተዘርሬ፣ ክፍሉ በሙሉ ከቦኝ፣ አስካለ ከረባቴን እያላላች "አይዞህ፣ ገና አልነካሁህም" ስትለኝ ነው። ሰው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ሆኖ ፍቅር ይይዘዋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ያዘኝ።

ከዚያ ወዲህ ሞጣ የሚያስኬድ ጉዳይ መፍጠር ሥራዬ ሆነ። አንድ ጊዜ የኳስ ጉዳይ፣ አንድ ጊዜ የካርታ ጉዳይ፣ ሌላ ጊዜ የጠመኔ ጉዳይ። የሞጣው ዲሬክተር ቢቸና ጠመኔ የሚባል ነገር አይታወቅም ወይ ብለው እስኪጠይቁኝ ድረስ ጠመኔ ተበድሬያለሁ። አስካለም መምጣቴን ባትጠላው ነው መሰለኝ ሻይ ታፈላልኝ ነበር። እንደምወዳት ግን አልነገርኳትም። ቃሉን በሁለት ቋንቋ አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ግን ስለ አየሩ ጠባይ አወራለሁ። በዚያ ዓመት የሞጣን አየር ጠባይ እንደኔ ያጠና ሰው አልነበረም።

የአስካለ ሐሳብ ሌላ ቦታ ነበር። አዲስ አበባ ነርስ ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጋለች። አንዲት እናት በምጥ ተይዛ፣ ከሩቅ መንደር በቃሬዛ መጥታ፣ እጇ ላይ ሞታባታለች። የማደርገውን ባውቅ ትድን ነበር ብላ ታምናለች። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ መግቢያ ፈተናው ስታወራ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ባለፈው ዓመት ተፈትና በእንግሊዝኛው ወድቃ ነበር። ጥያቄው ውስጥ ፓሴጅ የሚል ቃል ገጠማትና እዚያው ላይ ተተክላ ቀረች፤ ስለ እሱ ስታስብ ደወሉ ተደወለ። ዘንድሮ ፈታኙ ሰኞ ጠዋት ሞጣ ይመጣል። ሁለት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ሦስተኛ አይፈተንም።

የፈተናውን ቀን የሰማሁት ከጋሽ ደሳለኝ ነው። ጋሽ ደሳለኝ ከደጀን ሞጣ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ ስልክ በሌለበት አገር ስልካችን እሱ ነበር፤ ብቻ ድምፁን መቀነስ አያውቅም። ቢቸና ገበያ መሐል መኪናውን አቆመና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "መምህር፣ አስካለ ሰኞ ትፈተናለች። ፓሴጅን ከነዘመዶቹ ይዘህ ድረስልኝ ብላለች" አለኝ።

የገበያው ሰው ሁሉ ይጨነቅልኝ ጀመር። ጨው የምትሸጥ ሴትዮ ፓሴጅ ካለም ዐረቡ ሱቅ ነው ያለው አለችኝ። አንድ ሽማግሌ በጣልያን ጊዜ እንደ ልብ ነበር፣ አሁን ጠፋ አሉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ዘመዶቹ ብዙ ከሆኑ የት እንደሚያድሩ ጠየቀኝ።

እኔ ሮጬ ወደ መዝገበ ቃላቱ። ወይ ጉድ፣ ያ ቃል ያልገባበት የለም። ቤት ውስጥ ሲሆን ኮሪደር ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲሆን አየር ወይም ምግብ የሚተላለፍበት ቱቦ ነው፣ ባሕር ላይ ሲሆን የመርከብ ጉዞ ነው፣ መጽሐፍ ውስጥ ሲሆን ከጽሑፍ የተቀነጨበ ምንባብ ነው፣ ፓርላማ ሲገባ የሕግ መጽደቅ ነው፣ ስለ ዕድሜ ሲነሣ ደግሞ የጊዜ መንጎድ ነው። ዘመዶቹም ዌይ፣ ሮድ፣ ፓዝ፣ ሌን፣ አሊ፣ ትራክ፣ ቻናል፣ ትራንዚት እያሉ ይቀጥላሉ። ወረቀት ዝናብ ያበሰብሰዋል ብዬ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ደሳለኝ ጋቢና አሳፈረኝ። ደብረ ወርቅን አልፈን ጥቂት እንደሄድን መኪናው አንድ ነገር ተነፈሰና ቆመ። ጋሽ ደሳለኝ ሥሩ ገብቶ ተኛ፤ ከዚያም ከሰውየው የሚታየኝ ጫማው፣ የሚሰማኝ ስድቡ ብቻ ሆነ። ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ምን ነበረበት? እኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የያዝኩት ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል። "ቀስ እያልኩ ልቅደም፣ ስትደርስብኝ ታነሣኛለህ" አልኩት። ከሥር እጁን አወዛወዘልኝ።

መስከረም እያለቀ ነው፤ ጤፉ አረንጓዴ ነው፣ መንገዱ ገና አልደረቀም። እኔ ጭቃውን እየዘለልኩ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አስተምራለሁ። "ሮድ ሰፊ ነው። ፓዝ የእግር ነው። ሌን ጠባብ ነው" እላለሁ፤ እጄንም ዘርግቼ ስፋቱን፣ ሰብስቤ ጥበቱን አሳያለሁ። ልክ አሊ ላይ ስደርስ ከመንገዱ ዳር አንድ ድምፅ፣ "በንጉሥ አምላክ፣ ቁም" አለኝ።

ቆምኩ። በንጉሥ አምላክ ተብሎ የማይቆም ማን አለ።

የጠሩኝ አንድ ሽማግሌና አንዲት ባልቴት ናቸው። የሽማግሌው ጋቢ ከሴትዮዋ ነጠላ ጋር ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሯል። እንዲህ ተቋጥረው ግራር ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። "ዳኛ ሁነን" አሉኝ ሽማግሌው።

ለካ በዚያ አገር የቆየ ሥርዓት አለ። ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ በመንገድ የሚያልፈውን ያስቆሙና ፍረደን ይሉታል። የቆመው ሰው ሳይፈርድ አይሄድም። የመንገድ ዳኛ ይባላል። ተከራካሪዎቹም አንዱ ከሌላው እንዳያመልጥ ልብሳቸው ይቋጠራል። መንግሥት ፍርድ ቤት ከከፈተ ቆይቷል፣ ወጣቱም ይህን ነገር ረስቶታል። እነዚህ ሁለቱ ግን ፍርድ ቤት የሚሄድ ጠበኛ ነው፣ እኛ ጎረቤታሞች ነን አሉኝ።

እኔ ልጅ ነኝ አልኩ። ሚስት የለኝም አልኩ። የጅማ ሰው ነኝ፣ የዚህን አገር ሕግ አላውቅም አልኩ። ከማለዳ ጀምሮ ቄስም ነጋዴም በዚህ አልፏል፣ ለምን እኔን ብዬ ጠየቅኩ። ሌላው ሁሉ ያውቀናል አሉ ሴትዮዋ። ሽማግሌው ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበራቸው። "መምህር፣ ብቻህን ስትሟገት ሰምተንሃል። ለሁለቱም ወገን ራሱ የሚሟገት ሰው ዳኝነት አይከብደውም" አሉኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው አያ ደምለው ይባላሉ፣ ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። ሴትዮዋ ወይዘሮ ጥሩ ናቸው፣ እሳቸውም ባላቸውን ቀብረዋል። ነገሩ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የመተላለፊያ መንገድ ነው። ወይዘሮ ጥሩ ከጎጇቸው ወደ ምንጩና ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚወርዱት ከጥንት ጀምሮ በአያ ደምለው የታችኛው ማሳ ውስጥ ነው። ዘንድሮ አያ ደምለው መንገዱን አርሰው ጤፍ ዘሩበት። ወይዘሮ ጥሩ በጤፉ ላይ ሄዱ። አያ ደምለው በእሾህ አጠሩት። አሁን ሴትዮዋ እንስራ አዝለው ሽቅብ ወጥተው፣ በአያ ደምለው ደጅ ዞረው ነው ምንጩ የሚደርሱት።

አያ ደምለው የዘጋሁት መንገድ የለም ብለው ተከራከሩ። መንገድ ማለት ሁሉ የሚሄድበት ነው፤ ያ ግን የእታ ጥሩ ዱካ ነው፣ ዱካ ደግሞ ይታረሳል አሉ። ወይዘሮ ጥሩ አማቴ የሄዱበት፣ የአማቴ እናት የሄዱበት እንዴት የእኔ ዱካ ይባላል አሉ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሸክሙን እያወረደ ከበበን። በሥርዓቱ መሠረት ከታናሽ ጀምሮ እያንዳንዱ የመሰለውን ይናገራል። ከሕዝቡ መሐል አንድ ደብተራ ተነሡና፣ ዳኛው የእንግሊዝኛ ሊቅ ስለሆነ በዚያ ቋንቋ መንገድ ስንት ዓይነት እንደሆነ ይንገረን፣ ከዚያ ይህኛው የትኛው እንደሆነ እንወስናለን አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ! ግን በቃሌ የያዝኩትን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የመጣሁት። ከድንጋዩ ተነሥቼ ሁሉንም አወረድኩት። ሕዝቡ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ደብተራው ዘመዶቹን በማዕረግ ይደረድሯቸው ጀመር። ሮድ ደጃዝማች ነው፣ ዌይ ፊታውራሪ ነው፣ ትራክ ቀኛዝማች ይሁን፣ ፓዝ ባላምባራስ ነው፣ ሌን ግን ማዕረግ የለውም፣ ተራ ወታደር ነው። ወይዘሮ ጥሩ ይህን እንደሰሙ የእኔ መንገድ ሮድ ነው አሉ። አያ ደምለው በጣም ከከበረ ሌን ነው አሉ። አንዱ ፓዝ ላይ ታረቁ አለ። ባላምባራስን ማረስ ይቻላል ወይ የሚል ሌላ ክርክር ተነሣ። እኔ ማዕረግ አይደለም፣ ዘመድ ነው ብል ዘመድም ቢሆን እኮ ታላቅና ታናሽ አለው አሉኝ። ይህን መልስ ከየት አመጡት? በእኔው ክፍል ያሉት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ተማሪዎቼ ከዚያ አገር ነው የሚመጡት።

ክርክሩ እንዲህ ሲጋጋል ከበላያችን ባለው መንገድ ላይ አቧራ ሳይሆን ጭቃ እየረጨ አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ጋሽ ደሳለኝ ነበር። እጄን ዘርግቼ ጮህኩ። እሱም ክላክሱን ነፋልኝና በደስታ እጁን አወዛወዘ። ኋላ ስጠይቀው ያን ሁሉ ሰው ሰብስበህ ስትሰብክ ሳይ፣ ዘመዶችህ ጋ የደረስክ መስሎኝ ነው አለኝ።

ሕዝቡ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀጠር አለ። እዚያ ላይ ነው ማፈር የተውኩት። ሰኞ ጠዋት ሞጣ ላይ አንዲት ልጅ ትጠብቀኛለች፣ እሷ ካልተማረች የሚሞቱ እናቶች አሉ ብዬ ተናገርኩ። ከዚያ ወይዘሮ ጥሩ፣ "እንግዲያ ነገ ከቅዳሴ መልስ መሬቱን ይይና ይፍረድ" አሉ። ማንም አልተቃወማቸውም። ባልና ሚስት ላልሆኑ ሰዎች ተቋጥረው ማደር ነውር ስለሆነ ማታ በዋስ ተፈቱ፤ እኔም አያ ደምለው ቤት አደርኩ። ጠዋት ከቅዳሴ ሲመጡ ግን ማንም ሳያዛቸው ተቋጥረው ነው የመጡት። ቋጠሮውን ማን እንዳሰረው አልጠየቅኩም።

መሬቱን ለማየት ወጣን። መጀመሪያ የተዘጋውን አየሁ፤ እሾህ ነው፣ ጤፍ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ከዚያ ወይዘሮ ጥሩ የሚዞሩበትን አየሁ። እዚህ ላይ ነገሩ ግራ ገባኝ። ጭቃው ላይ ሰፋፊ ድንጋይ እየተመረጠ፣ ለሴት እርምጃ እንዲመች እየተለካ ተነጥፏል። ቁልቁለቱ ላይ ዱላ ተተክሎ መደገፊያ ተሠርቷል። ከአያ ደምለው ደጅ አጠገብ ደግሞ እንስራ ማሳረፊያ የሚሆን መደብ አለ፤ ጭቃው ገና አልነጣም። ሰውን ለመጉዳት መንገድ የሚዘጋ ሰው ሌላውን መንገድ እንዲህ አያሳምርም።

አያ ደምለውን ዘወር አድርጌ፣ ቋጠሮው እስከፈቀደው ድረስ ማለቴ ነው፣ በሹክሹክታ ይህን ማን ሠራው አልኳቸው። ወይዘሮ ጥሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዩ ጀመር። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ፣ "መምህር፣ የታችኛው መንገድ በጓሮ ነው የሚያልፍ። እኔ ደግሞ የምቀመጥ ደጅ ነው" አሉኝ።

እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። ነገር ግን አንጀቴን በሉት፤ የራሴን ነገር አሰብኩ። እኔስ አስካለ በደጄ እንድታልፍ የፈለግኩ ሰው አይደለሁም? ያቺን ቃል ሞጣ ባላደርሳት አስካለ ሞጣ ትቀራለች፣ ጠመኔዬንም እየተበደርኩ እኖራለሁ። ሐሳቡ መጥቶ ፊቴ ቆመ። አልወደድኩትም።

ድንጋዬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና ፈረድኩ። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ማዕረግ ይኑረው አይኑረው፣ ወይዘሮ ጥሩ በታችኛው መንገድ እንደ ጥንቱ ይለፉ፣ አያ ደምለው እሾሁን ዛሬውኑ ያንሡ አልኩ። አያ ደምለው እጅ ነሡ። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ቋጠሮውን ይፈቱ ጀመር። ጣታቸው ያረጀ ነው፣ ቋጠሮውም የጠበቀ ነው፣ ብዙ ቆዩ። ወይዘሮ ጥሩም አላጣደፏቸውም።

የተፈረደላቸው ሴትዮ እንስራቸውን አነሡና በላይኛው መንገድ፣ በአያ ደምለው ደጅ በኩል መሄድ ጀመሩ። ሰዉ ደነገጠ። ረትተው የለም ወይ፣ መንገዱ በዚያ ነው እያለ ጮኸላቸው። ወይዘሮ ጥሩ ዞር ብለው፣ "በእሾህ ታጥሬ ስለሆነ ነው እንጂ የጠላሁት፣ በሰው ደጅ ማለፍ መች ጠላሁ" አሉ። እመደቡ ላይ ሲደርሱ እንስራቸውን አሳረፉ። አያ ደምለው በዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ወደ ደጃቸው ሲሄዱ አየኋቸው።

አሁን የሚቀረኝ መሄድ ነበር። ሰዉ ግን ዳኛ እንዲሁ አይሸኝም ብሎ በቅሎ አመጣልኝ። በቅሎ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። በቅሎዋም ይህን ወዲያው አወቀች። እስከ አንድ ጉብታ ድረስ በትሕትና ወሰደችኝና፣ ሸኚዎቻችን ከዓይን ሲሰወሩ ዞራ ወደ ቤቷ ትመለስ ጀመር። ልጓም ስስብ የበለጠ ፈጠነች። በእንግሊዝኛ ለመንኳት። መጨረሻ ላይ ወረድኩና ለቀቅኳት፤ እሷ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ። የቀረውን ቀን በሙሉ በእግሬ ሄጄ ጉንደወይን ስደርስ እህል የጫነ መኪና ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሞጣ እንደሚነሣ ሰማሁ። ጆንያዎቹ ላይ ተጋድሜ ዘመዶቹን ስቆጥር እንቅልፍ ወሰደኝ። ሌን ላይ መሰለኝ።

ሞጣ ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች። እየሮጥኩ ወደ አስካለ ቤት ስታጠፍ ከደጇ ስትወጣ አገኘኋት። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ እርሳሷን ይዛለች፣ ዓይኗ ስላልተኛ ቀልቷል። እኔ ደግሞ ጭቃና ጤፍ ነበርኩ። ከሷ ደጅ እስከ ፈተናው ክፍል ገበያውን ማቋረጥ ነው፤ ያለን ጊዜ እሱ ብቻ ነው። ሰላምታም አልተለዋወጥንም። ጎን ለጎን እየሄድን አስተማርኳት። ኮሪደሩን፣ ቱቦውን፣ መርከቡን፣ ምንባቡን፣ ሕጉን አልኳት። ተቀበለችኝ። ሮድን ደጃዝማች ብለሽ አስቢው፣ ፓዝን ባላምባራስ፣ ሌን ማዕረግ የለውም አልኳት። ለምን አላለችም፤ ሁሉንም እየደገመች ሄደች። የጊዜ መንጎድ የሚለው ላይ ስንደርስ የክፍሉ በር ታየን፤ ፈታኙም ደጅ ላይ ሰዓቱን ያያል።

አስካለ ቆመች። እጇን ወደ ጸጉሬ ሰድዳ የጤፍ ገለባ እየለቀመች፣ "ካለፍኩ እሄዳለሁ እኮ" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"እንዳልፍ ትፈልጋለህ?"

የአየሩን ጠባይ ማየት አማረኝ፤ ሰማዩ እዚያው ነበር። "አልፈልግም" አልኳት። "እወድሻለሁና አልፈልግም። ግን እለፊ።"

ገለባውን መልቀም አቆመች። ፈታኙ ጠራን፤ እሷን ማለቴ ነው፣ እኔ ግን አብሬ ጥቂት ተራምጄያለሁ። ከመግባቷ በፊት ዞራ፣ "ከባላምባራስ ቀጥሎ ማን ነበር?" አለችኝ። ነገርኳትና ገባች።

እኔ ደጅ ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ የምጠብቅ መስሎኝ ተኛሁ። ስነቃ አስካለ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቃሉ መጣ ወይ አልኳት። አልመጣም። አንድም ቦታ? አንድም ቦታ። ዘመዶቹስ? አንዱም ዘመዱ ዝር አላለም። ያን ጊዜ ሳቅ ያዘኝ፤ እሷም ሳቀች። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ከእንባው ውስጥ የትኛው የሳቅ እንደነበረ ዛሬም አልለየሁትም። ቃሉን ሳትፈራው ስለገባች ነው መሰለኝ፣ ሌላውን ሁሉ የትም ላይ ሳልተከል ጨረስኩት አለችኝ።

ውጤቱን የሰማሁት እንደ ልማዱ ከገበያው ጋር ነው። ጋሽ ደሳለኝ አንገቱን አውጥቶ አስካለ አልፋለች ሲል ቢቸና በእልልታ ተናወጠች። ጨው ሻጯ ተገኘልህ ማለት ነው ብላ ሳመችኝ። እኔም እልል አልኩ፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ወደ አዲስ አበባ የምትሄድበት መንገድ በቢቸና ነው የሚያልፈው። የዚያን ዕለት ጋሽ ደሳለኝ ለምሳ ቆመ፤ ሌላ ጊዜ ቸኩሎ የሚበላ ሰው፣ ያን ቀን አንዲት እንጀራ ስንት ጉርሻ እንደሚወጣት ሲያጠና ዋለ። እኔና አስካለ ከመኪናው ጥላ ሥር ቆመን ብዙ አላወራንም። የቢቸና ሰው እያየን ነው። ቆሎ የሰጣት አለ፣ የአንገት መስቀል የሰጣት አለ፤ አንድ ተማሪዬ ደግሞ አዲስ አበባ ስትደርስ ምናልባት የሚጎድል ቢኖር ብሎ ሦስት ዘመድ ጨመረላት።

በመጨረሻ ሞተሩ ተነሣ። አስካለ አንድ እግሯን መርገጫው ላይ አደረገችና ሁሉ ሰው እያየ እጄን ያዘች። በዚያ ዘመን ቢቸና ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔ ከአፌ የወጣው ስንት ዓመት ነው የሚል ሆነ።

"ስጨርስ ሞጣ መልሱኝ እላቸዋለሁ" አለችኝ። "ያቺ ሴት የሞተችብኝ እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ አልሄድም።"

"ቢቸናስ?" አልኳት።

"ቢቸና አንተ አለህ። መንገዱን እንደሆነ ታውቀዋለህ።"

"አውቀዋለሁ" አልኳት።